«እልፍ» ስንት ነው? ስለ አንድ የቁጥር መጽሐፍና ስለ ክፍላችን

ዛሬ ስለ አንድ መጽሐፍ ላወጋችሁ ነው የተነሳሁት። ከመጽሐፉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ላስቀድም፤ እልፍ ስንት ነው?

ቄስ ት/ቤት የተማረ ሰው «አሥር ሺህ ነዋ!» ይላል። ልክ ነው። በግዕዝ እልፍ አሥር ሺህ ነው፤ ምልክቱም ፼ ነው። ካርቱም ተወልዶ ያደገ ተማሪ ደግሞ «አንድ ሺህ» ብሎ ይመልሳል። እሱም ልክ ነው፤ በዓረብኛ «አልፍ» አንድ ሺህ ነው፤ ቃሉም ከእኛው እልፍ ጋር የአንድ ሥር ልጅ ነው። ደይም ሰፈር ሻይ ስትሸጥ የኖረች እናት ግን «አልፍ ማለት አንድ ጅኔ ነበር» ትላችኋለች። እሷም አልተሳሳተችም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። አሥር ሺህ፣ አንድ ሺህ፣ አንድ፤ ቃሉ ግን ያው አንድ ቃል። እነዚህ ሦስት ሰዎች ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ አያት፣ ልጅና እናት ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። እኔ ካርቱም ሳስተምር እንዲህ ያሉ ቤቶች ብዙ ነበሩ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ነው ከሌብ ኤቨረት የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋና የሰው ልጅ ጥናት ምሁር በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ነምበርስ ኤንድ ዘ ሜኪንግ ኦፍ አስ» የተባለው መጽሐፍ እጄ የገባው። ርዕሱ ወደ እኛ ሲመለስ «ቁጥሮችና እኛን የሠሩበት መንገድ» እንደ ማለት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስልኬ ላይ ጫነልኝ፤ መብራት ባለ ጊዜ ቻርጅ እያደረግሁ፣ ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ ጨረስኩት። እኔ የሒሳብ ትምህርቴን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምሁር ሒስ ከእኔ አትጠብቁ። የመምህር ሒስ ግን አለኝ።

መጽሐፉ ምን ይላል?

የኤቨረት ዋና ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሰው ሲወለድ ይዞት የሚመጣው የቁጥር ችሎታ ትንሽ ነው። አንድን፣ ሁለትንና ሦስትን ሳንቆጥር በዓይናችን እንለያለን። ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ «ይኼኛው ይበዛል» ብለን በግምት እናወዳድራለን። ሰባትን ከስምንት በትክክል ለመለየት ግን ስም ያስፈልገናል። ስለዚህ ቁጥር እንደ ማረሻና እንደ ወፍጮ ሰው የሠራው መሣሪያ ነው። የመሣሪያው መነሻም እጃችን ነው፤ በዓለም ላይ ያሉ ብዙ ቋንቋዎች በአምስት፣ በአሥር ወይም በሃያ እየጠቀለሉ የሚቆጥሩት ጣቶቻችን እንዲያ ስለሆኑ ነው ይላል።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃው የአማዞን ሕዝቦች ናቸው። ጸሐፊው ልጅነቱን በከፊል ያሳለፈው ብራዚል ውስጥ ፒራሃ በሚባሉት ሕዝቦች ዘንድ ነው። ወላጆቹ በሚስዮናዊነት ወደዚያ ሄደው ነበር፤ አባቱ ዳንኤል ኤቨረትም በፒራሃ ቋንቋ ጥናት የታወቀ ሰው ነው። ፒራሃዎች ለትክክለኛ ቁጥር ስም የላቸውም። በ2004 እ.ኤ.አ. ፒተር ጎርደን የተባለ ተመራማሪ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ እንዳወጣው፣ ሁለት ወይም ሦስት ዕቃ ሲደረደርላቸው አቻውን በትክክል ይደረድራሉ፤ ሲበዛ ግን ወደ ግምት ይሄዳሉ። በዚያው ዓመት በዚያው መጽሔት ላይ ፒየር ፒካ፣ ስታኒስላስ ደሃንና ጓደኞቻቸው ስለ ሙንዱሩኩ ሕዝብ ጻፉ። የእነዚህ ሰዎች የቁጥር ስም ከአምስት ገደማ አያልፍም። ሁለት የነጥብ ክምር አሳይተው የትኛው ይበዛል ሲሏቸው ግን፣ ነጥቡ እስከ 80 ቢደርስ እንኳ፣ ከፈረንሳውያን እምብዛም የራቁ አልነበሩም።

በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ነገር ወድጄለታለሁ። አንደኛ፣ ጸሐፊው እነዚህን ሰዎች አይንቅም። የቁጥር ስም ማነስ የአእምሮ ማነስ እንዳልሆነ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ሁለተኛ፣ ልጆች ቁጥርን እንዴት እንደሚማሩ የሚያነሳው ለእኛ ለመምህራን በቀጥታ ይጠቅማል። ልጅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለውን እንደ ዜማ ቀድሞ ይሸመድደዋል። ትርጉሙ የሚገባው ግን ቀስ እያለ ነው፤ መጀመሪያ አንድ፣ ቆይቶ ሁለት፣ ቆይቶ ሦስት። እስቲ በክፍላችሁ ሞክሩት። እስከ ሃያ የሚጮኽ የአራት ዓመት ልጅ «አራት ቆርኪ ስጠኝ» ሲባል እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ሊሰጣችሁ ይችላል። ልጁ ደደብ ሆኖ አይደለም፤ ስሙ ደርሶት ቁጥሩ ገና ስላልደረሰው ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ

የፒራሃዎቹ ነገር ያን ያህል የተቋጨ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ማይክል ፍራንክና ጓደኞቹ (አንዱ የጸሐፊው አባት ነው) ሌላ ጥናት አወጡ። ዕቃው ፊታቸው ተደርድሮ እያዩ አቻውን ሲደረድሩ ፒራሃዎች ደህና አድርገው ሠሩ። የሳቱት ዕቃው ሲሸፈንና ማስታወስ ሲያስፈልግ ነው። ልጅ ኤቨረት ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ከኬረን ማዶራ ጋር እንደገና ሞክሮ ውጤቱ ወደ ጎርደን ያደላ ሆኖ አገኘው። አባት ያለበት ጥናት አንድ መንገድ፣ የልጁ ጥናት ሌላ መንገድ ሄዱ ማለት ነው።

እኔ በዚህ ክርክር ዳኛ ልሆን አልችልም። ለክፍሌ ግን የ2008ቱ ሐሳብ ይበልጥ ይመቸኛል። የቁጥር ስም በተለይ የሚያስፈልገው ነገሩ ከዓይን ሲርቅ ነው ማለት ነዋ! ዕቃው ፊትህ ካለ ዓይንና ጣት ይበቃሉ። ሲርቅህ ግን ይዘኸው የምትሄደው ቁጥሩን ብቻ ነው። ለስደተኛ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የትውልድ ዓመት፣ የፋይል ቁጥር፣ የእናት ስልክ ቁጥር... ከዓይናችን የራቀውን ሁሉ በቁጥር ነው የያዝነው።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። የመጽሐፉ ልብ ያለው የቁጥር ስም የሌላቸው ሰዎች ዘንድ ነው። የእኛ ልጆች ችግር ተቃራኒው ነው። የቁጥር ስም በዝቶባቸዋል። አንድ ልጅ ሁለትና ሦስት አቆጣጠር ተሸክሞ ሲመጣ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄዬ የሚበቃኝን ያህል መልስ አላገኘሁበትም። ስለዚህ መልሱን ከራሳችን ክፍል ልፈልግ።

አርባ ሰባትና ሰባ አራት

ካርቱም ሳስተምር አንዲት ተማሪ ነበረችኝ፤ ስሟን አልጠራም። የቃል ጽሕፈት ሳደርግ «አርባ ሰባት» ስል 74 ትጽፋለች፤ «ሃምሳ ሦስት» ስል 35። ለሳምንታት በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት አደረግሁባት። «አታዳምጪም እንዴ?» እስከ ማለትም ደርሻለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቷ ሻይ ከምትሸጥበት ጥላ ሥር አረፍ ስል፣ ያቺው ልጅ ለሱዳናውያኑ ደንበኞች በዓረብኛ ሒሳብ እየሠራች መልስ ትሰጣለች። አንድም አልተሳሳተች። «ቲቸር፣ ሻይ ላምጣልህ?» ስትለኝ አፈርኩ።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዓረብኛ 47ን «ሰብዓ ወ አርበዒን» ይላል፤ ሰባትና አርባ። ልጅቱ እኔ በአማርኛ ያልኳትን በልቧ ወደ ዓረብኛ ትመልሰዋለች፤ ከዚያ መጀመሪያ የሰማችውን 7 መጀመሪያ ትጽፋለች። ግዕዙ «አርብዓ ወሰብዓቱ»፣ ትግርኛው «ኣርብዓን ሸውዓተን» ይላሉ፤ እንደ አማርኛው አርባው ይቀድማል። ጀርመንኛ ደግሞ እንደ ዓረብኛው ሰባቱን ያስቀድማል፤ የጀርመንኛ ተናጋሪ ሕፃናትም ይህንኑ ዓይነት ስህተት እንደሚሠሩ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ስለዚህ የኤክስ ምልክቴ የቀጣው የሒሳብ ድክመትን አልነበረም። ሁለት ቋንቋ ማወቅን ነበር የቀጣው።

እኔስ ብሆን? ካርቱም በገባሁ ሰሞን የቤት ኪራይ በወረቀት ተጽፎ ተሰጠኝ፤ አንድ ቁም መስመር፣ አንድ ክብ፣ ሁለት ነጥብ። እኔ «አሥር፣ ነጥብ፣ ነጥብ» ብዬ አነበብኩት። ሱዳን ውስጥ በብዙ ቦታ በሚጻፈው የቁጥር አጻጻፍ ግን ክቡ አምስት ነው፤ ዜሮው ነጥቧ ናት፤ የእኛን 7 የሚመስለው ደግሞ ስድስት ነው። ኪራዩ 1500 ነበር! ዩኒቨርሲቲ ካልኩለስ የተማረ ሰው የኪራይ ወረቀት ማንበብ ሲያቅተው በዓይናችሁ ይታያችሁ። በዚያች ደቂቃ ማንም መጥቶ ቢፈትነኝ መሃይም ነው ብሎ ይመዘግበኝ ነበር።

የሚልዮን ደመወዝ

አሁን ወደ አልፍ ልመለስ። ሱዳን በ1992 እ.ኤ.አ. ዲናርን አወጣች፤ አንዱ ዲናር 10 የቀድሞ ጅኔ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲሱ ጅኔ መጣ፤ አንዱ 100 ዲናር ነበር። እንግዲህ 10 ጊዜ 100፣ አዲሱ አንድ ጅኔ 1000 የድሮ ጅኔ ሆነ ማለት ነው። ወረቀቱ ተቀየረ፤ የሰው አፍ ግን አልተቀየረም። ገበያው አንዱን አዲስ ጅኔ «አልፍ»፣ አምስቱን «ኸምሳ አልፍ»፣ ሺውን ደግሞ «ሚልዮን» ማለቱን ከለውጡ በኋላም ለብዙ ዓመታት ቀጠለ። እኔ የደረስኩት ከለውጡ ብዙ ዓመት ቆይቼ ነው፤ ያም ሆኖ ገበያ ላይ የሰማሁት አልፍን ነው።

ይህ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንዲት የአገራችን ልጅ ቤት ሠራተኝነት ስትቀጠር «በወር ሚልዮን» አሏት። እሷም ደስ ብሏት አገር ቤት ደወለች፤ «ሚልዮን ሊከፍሉኝ ነው!» አለች። በወሩ መጨረሻ አንድ ሺህ ጅኔ ተቆጥሮ ሲሰጣት ተታለልኩ ብላ አለቀሰች። ቀጣሪዎቹ አላታለሏትም፤ በእነሱ አነጋገር ሚልዮን ያው ነው። እናቷ ግን ስልኩ ላይ የሰማችው ሌላ ሚልዮን ነው። ልጅቷ ለዚያ ለማይኖር ገንዘብ ስትወቀስ ከአንድ ዓመት በላይ ኖረች። «የላክሽው የታለ? ሚልዮን ትበዪ አልነበር?»

እዚህ ላይ ነው ከኤቨረት ጋር የምለያየው። እሱ ቁጥርን በይበልጥ የሚያየው እንደ አእምሮ መሣሪያ ነው። ከደይም ገበያ ሲታይ ግን ቁጥር በሰውና በሰው መካከል ያለ ውል ነው። አእምሮህ ውስጥ በትክክል መቁጠርህ አይበቃም፤ ፊትህ የቆመው ሰው በዚያው ስም ያንኑ ብዛት ማለቱን ማወቅ አለብህ። ውሉን ያልሰማ ሰው፣ ሒሳብ የቱንም ያህል ቢያውቅ፣ ይከስራል።

ሰዓትም እንደዚያው ነው። ለእኛ ጠዋት 2 ሰዓት የሆነው በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ሱዳን በ2000 እ.ኤ.አ. ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፋች፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ላይ መልሳ ወደ ኋላ ጎተተችው። ፀሐይ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ የተለወጠው ስሙ ነው። «ፈተና በ8 ሰዓት» ተብሎ የተነገረው ልጅ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ዩኒፎርሙን ለብሶ ቢመጣ ሰነፍ ልንለው አይገባም።

ስምንት ዓመት የሰረቀ ቁጥር

አንዱን ግን በቀልድ ማለፍ አልችልም። አንዲት እናት ልጇን ለማስመዝገብ አንድ ቢሮ ትሄዳለች። ልጁ የተወለደው መቼ ነው ስትባል «ጥር 1999» ትላለች። ዓ.ም. ማለቷ ነው፤ በእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2007 ነው። ጸሐፊው ግን የሰማውን እንደሰማ 1999 ብሎ ጻፈ። በ2022 እ.ኤ.አ. ልጁ የ15 ዓመት ልጅ ነበር፤ ወረቀቱ ግን 23 ዓመቱ ነው ይላል። ለዕድሜው የተዘጋጀ ትምህርት ሊገባ ሲሄድ «አንተ አዋቂ ነህ፣ ለልጆች ነው» ብለው መለሱት። ገና ጢም ያላወጣ ልጅ! እናቱ ጣቷን እያጠፈች ዓመቱን ትቆጥርላቸዋለች፤ ጣቷን የሚያይላት ግን አልነበረም። የሚያዩት ወረቀቱን ነው።

ሒሳቡ እኮ ከባድ አይደለም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። የጠፋው አንዲት ጥያቄ ናት፤ «በማን አቆጣጠር?» የምትል። ቀኑን የማያውቅ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይጻፍለታል። በየስደተኛው ካርድ ላይ ያን ሁሉ የጃንዋሪ 1 ልደት የምናየው ለዚህ ነው።

ምን እናድርግ?

ሒስ ለራስም ነውና ራሳችንን እንይ። የትምህርት ዕቅዳችን «ተማሪው እስከ 100 መቁጠር ይችላል» ይላል። በምን ቋንቋ? በየትኛው አጻጻፍ? አይልም። እኔም ለዓመታት እንዲያው ስሞላው ኖሬያለሁ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (ኤፕሪል 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.) ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ ክፍላችን ተበተነ፤ በቀይ የሞላሁት የውጤት መዝገብም እዚያው ቀረ። አንዳንዴ የመዝገቡ መቅረት ሳይሻል አይቀርም እላለሁ፤ ግማሹ ኤክስ የእኔ ስህተት ነበርና።

ስለዚህ ለመምህራን ጓዶቼ የምለው ይህ ነው። አንደኛ፣ የተሳሳተ ቁጥር ስታዩ ኤክስ ከማድረጋችሁ በፊት «እንዴት አገኘሽው? ጮክ ብለሽ ንገሪኝ» በሉ። 74 ያለችው ልጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምክንያቷን በራሷ አፍ ትነግራችኋለች። ሁለተኛ፣ ሰሌዳው ላይ ቁጥሩን በሁለቱም አጻጻፍ፣ ስሙን በአማርኛ፣ በዓረብኛና ተማሪዎቹ ቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ ጎን ለጎን አኑሩ። አንዱ ሌላውን አያጠፋም። እኔ ይህን ከጀመርኩ በኋላ ያቺ ልጅ ለክፍሉ አስተርጓሚ ሆነች፤ «ቲቸር፣ ይኼ በሱዳን ነው ወይስ በሐበሻ?» ብላ ትጠይቀኝ ነበር። ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነው። ሦስተኛ፣ ለወላጆች ስብሰባ ስታደርጉ የዓመት አቆጣጠሩን አስረዷቸው። ዓመት ሲናገሩ «በኢትዮጵያ» ወይም «በፈረንጅ» ብለው እንዲናገሩ፣ የተጻፈውንም ሳይፈርሙ ጮክ ብሎ እንዲነበብላቸው እንዲጠይቁ። እትዬ፣ እባክዎን አይፈሩ፤ ጸሐፊው ቢቸኩልም እርስዎ አይቸኩሉ።

መጽሐፉንስ ላንብበው ወይ ለምትሉኝ፣ እንግሊዝኛው ካላስቸገራችሁ አንብቡት። ቁጥር ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰው የሠራው መሆኑን በደንብ ያሳያል፤ ይህን ያወቀ መምህር ልጅን ቶሎ አይንቅም። ከአማዞን ተነስቶ ስለ ሰው ልጅ ሁሉ ሲናገር ግን ልብ በሉ። ሁለት ገበያ፣ ሁለት ዘመን አቆጣጠርና ሁለት ዜሮ ይዞ የሚያድግ ልጅ ከእሱ መጽሐፍ ዳር ነው የቆመው፤ ለእኛ ግን መሃል ክፍላችን ላይ ነው የተቀመጠው።

መጀመሪያ ላይ የጠየቅኋችሁን አልረሳሁም። እልፍ ስንት ነው? ከእንግዲህ ማንም ቢጠይቃችሁ ቶሎ አትመልሱ። መጀመሪያ «በማን አፍ?» በሉት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።